አራት ድመት፣ አራት ሰሃን፦ ከደረቅ ወደ እርጥብ ምግብ የተሸጋገርንበት መንገድ

በቤቴ ያሉት አራቱ ድመቶች አሁን ጠዋትም ማታም የሚበሉት እርጥብ ምግብ ነው፤ በፍሬ መልክ የሚሸጠው ደረቅ የድመት ምግብ በደረቅነቱ የሚቀርብበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ለውጡን ያስጀመረኝ ነብሮ ነው። የተኮላሸ ወፍራም ወንድ ሲሆን፣ የሚጸዳዳበት አሸዋ ላይ ደጋግሞ እየተቀመጠ የሽንት ጠብታ ብቻ ማውጣት በመጀመሩ ወደ እንስሳት ሐኪም ተወሰደ። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጠባብ በመሆኑ በቀላሉ ይደፈናል፤ ከተደፈነና በቶሎ ካልታከመም በጥቂት ቀናት ውስጥ ይገድላል። ነብሮ እዚያ ሳይደርስ ታክሞ ወጣ፤ ሐኪሙም ከመድኃኒቱ ጋር ያዘዘልን ውኃ የበዛበት ምግብ ነበር።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። በደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውኃ ከመቶ 10 ገደማ ሲሆን፣ በእርጥቡ ከ75 እስከ 80 ይደርሳል። የቤት ድመት ዘሩ የሚመዘዘው በሰሜን አፍሪካና በመካከለኛው ምሥራቅ ደረቅ ምድር ከሚኖረው የዱር ድመት ስለሆነ፣ የሚያስፈልገውን ውኃ በአብዛኛው ካደነው እንስሳ ሥጋ ማግኘት የለመደ ነው። ደረቅ ምግብ ሲበላ ውኃ መጠጣቱ ባይቀርም፣ የጎደለውን ሁሉ ጠጥቶ አይሞላውም።

እንግዲህ ምግቡን መምረጥ ቀላሉ ክፍል ሆኖ ተገኘ። አስቸጋሪው፣ ድመቶቹ አራት ሲሆኑ ማን ምን ያህል እንደበላ ማወቅ ነው። ደረቅ ፍሬ ቀኑን ሙሉ ሰሃን ላይ ሊቀመጥ ስለሚችል፣ እያንዳንዱ በፈለገበት ሰዓት ጥቂት ጥቂት ቀምሶ ይሄድ ነበር። እርጥቡ ግን ስለሚበላሽ ሰዓት ተቆርጦለት መቅረብና መነሳት አለበት፤ በዚህም የተነሳ እስከዚያ ድረስ በአንድ ሰዓት አብረው በልተው የማያውቁ አራት እንስሳት በአንድ ጊዜ ማዕድ ይቀርባሉ። ድመት ብቻውን አድኖ ብቻውን የሚበላ ፍጥረት ነው። ሰሃኖቹን ጎን ለጎን ብንደረድርላቸው ስለማይጣሉ ተስማምተው የሚበሉ ይመስለናል፤ በተግባር ግን አንዱ ተስገብግቦ ይውጣል፣ ሌላው ዞር ብሎ ይጠብቃል፣ ሦስተኛው ተርቦ ይወጣል።

ስለዚህ ቤቱን ተከፋፈሉት። አሮጊቷ ሚሚ ጥቂት ልሳ ሄዳ የምትመለስ ስለሆነች መኝታ ቤት በር ተዘግቶባት ትበላለች። ዳማ ቀላልና ዘላይ ስለሆነች ሰሃኗ የሚቀመጠው ነብሮ ሊወጣበት ከማይችለው ቁም ሣጥን አናት ላይ ነው። ጉሬዛ በወጥ ቤት፣ ነብሮ በኮሪደሩ ይበላሉ፤ የነብሮ ድርሻ ሰፋ ባለ ትሪ ላይ በስሱ ስለሚቀባ እየላሰ እንዲቆይ ይገደዳል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ በሮቹ ይከፈታሉ፣ የተረፈውም ይነሳል። በውጭ አገር በድመቷ ቆዳ ሥር የተቀበረውን መለያ ቺፕ አንብቦ ለዚያች ድመት ብቻ የሚከፈት ሰሃን ይሸጣል፤ ለእኔ ግን የቤቴ በሮች ያንኑ ሥራ ያለ ባትሪ ይሠሩልኛል።

በዚህ ጉዳይ ላይ እንዲህ አጥብቄ የምቆመው በምክንያት ነው። አንድ ድመት፣ በተለይም ወፍራም ከሆነ፣ ለሁለት ሦስት ቀን ምግብ ቢያቆም ስብ ጉበቱ ላይ ተከማችቶ ለሞት የሚያደርስ ሕመም ሊያስከትልበት ይችላል። ሁሉም ከአንድ ገበታ በሚበሉበት ቤት፣ የአንዱ መጾም ሌሎቹ በሚያሟጥጡት ሰሃን ይሸፈናል። አሁን ግን የሚሚ ሰሃን ሳይነካ ከወጣ በዚያው ጠዋት አውቃለሁ።

ስለ ወጪው ደግሞ እውነቱን መነጋገር ይገባል። አራት ኪሎ የሚመዝን የተኮላሸ ድመት በቀን ከ200 እስከ 250 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። አንድ የ85 ግራም የእርጥብ ምግብ እሽግ ብዙውን ጊዜ ከ100 ካሎሪ በታች ስለሚይዝ፣ ለአራት ድመት እሽግ ብቻ ማቅረብ በቀን ከአሥር በላይ መክፈት ማለት ነው፤ ይህም ከውጭ በሚገባበት ዋጋ አዲስ አበባ ላይ የሚቻል አይደለም። መፍትሔ የሆነን ያንኑ የተሟላ ደረቅ ምግብ በሞቀ ውኃ እስኪያብጥ ድረስ ዘፍዝፎ ማቅረብ ነው። ጠዋት እሽጉን ተካፍለው ይበላሉ፤ ማታ የተዘፈዘፈው ይቀርባል።

በላዩ የማደርገው ከሥጋ ቤት የመጣ የበሬ ልብ በትንሹ ተከትፎ ነው፤ እሱም ከቀኑ ምግብ አንድ አሥረኛውን እንዳያልፍ እጠነቀቃለሁ፤ ቤት የሚበስል ሥጋ ብቻውን ካልሲየምና ሌሎች ንጥረ ነገሮች ይጎድሉታልና። ልብን የመረጥኩት ታውሪን በተባለው፣ ለድመት ልብ በሚያስፈልገው ንጥረ ነገር የበለጸገ በመሆኑ ነው። ፖል ፒዮን የተባሉት የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1987 ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ የልብ ጡንቻቸው የላላ ድመቶች ታውሪን እንደጎደላቸውና ሲጨመርላቸው እንደሚያገግሙ ካሳዩ በኋላ፣ አምራቾች በምግቡ ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ አድርገዋል። ታውሪን በውኃ የሚሟሟ ስለሆነ ልቡን የቀቀልኩበትን መረቅ አልደፋም፤ የማታውን ፍሬ የምዘፈዝፈው በእሱ ነው። መረቁ ውስጥ ጨውም ሆነ ሽንኩርት አይገባም። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሕዋስ ስለሚያፈርሱ፣ የወጥ ትርፍ ማቅመስ የተከለከለ መሆኑን ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ እናገራለሁ፤ እንግዳው ግን ሁልጊዜ አያምነኝም።

በዐቢይ ጾም የሰፈራችን ሥጋ ቤቶች ስለሚዘጉ ልቡን አስቀድሜ ቀቅዬ በትንንሽ ላስቲክ ከፋፍዬ አቀዘቅዛለሁ፤ መብራት ለረጅም ሰዓት በጠፋበት ቀን ደግሞ የቀለጠው ይጣላል፣ ጾሙም ለድመቶቹ ይተርፋል። ከፍሪጅ የወጣ ምግብ እንደ ቀዘቀዘ ቢቀርብ ዳማና ሚሚ አሽትተው ይሄዳሉ። ላስቲኩን ሙቅ ውኃ ውስጥ ነክሮ ወደ ሰውነት ሙቀት ማምጣት ሽታውን ስለሚያወጣው ይበቃል።

እስካሁን በግልጽ የታየው ለውጥ በነብሮ ላይ ነው፦ አሸዋው ውስጥ የሚገኘው የሽንት ጓል ትልቅ ሆኗል፣ መመላለሱም ቆሟል። ክብደቱን የምከታተለው አቅፌው ሚዛን ላይ ወጥቼ የራሴን በመቀነስ ሲሆን፣ ቀስ በቀስ እየወረደ ነው። ሚሚ ዕድሜዋን በሙሉ የሚንኮሻኮሽ ፍሬ ስትበላ የኖረች በመሆኗ በማንኪያ ጫፍ ተጀምሮ ሳምንታት ፈጅታለች፤ አሁን ትበላለች። ያልተፈታው የዳማ ጉዳይ ነው፤ ከእሽጉ ጄሊውን ልሳ ሥጋውን ትተወዋለች። በሚቀጥለው ግዢ ቁርጥራጩን ትቼ ልሙጥ ሆኖ የተፈጨውን ዓይነት ለእሷ ብቻ ልሞክር ነው፤ ተመሳሳይ ድመት ያላችሁ ምን እንደሠራላችሁ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።