የሆላንድ የህትመት ስዕሎችና የሐረር ፎቶዎች

ሆላንዶች ከስፔን ንጉሥ ጋር ከ1568 እስከ 1648 ተዋግተዋል (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ያንን ጦርነት ዛሬም በዓይነ ሕሊናቸው የሚያዩት በአብዛኛው በህትመት ስዕል በኩል ነው።

ፍራንስ ሆገንበርግ የሚባል ቀራጭ ነበር። የሜኸለን (ዛሬ ቤልጂየም ውስጥ ያለች ከተማ) ልጅ ነው፤ ኑሮውን ያደረገው ግን ኮሎኝ፣ ጀርመን ነው። እዚያ ሆኖ የጦርነቱን ወሬ እየቀረጸ ያትም ነበር፤ በ1576 የስፔን ወታደሮች የአንትወርፕን ከተማ ሲዘርፉ፣ ቤት ሲያቃጥሉ፣ ሰው ሲገድሉ፣ ከስር ደግሞ ነገሩን የሚያስረዳ ግጥም። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የመዳብ ሰሌዳ ላይ መስመሩ ይቆፈራል፣ ቀለም ይሞላል፣ ትርፉ ይጠረጋል፣ ከዚያ ወረቀት ተደርጎበት በማተሚያ ይጨመቃል። ከአንድ ሰሌዳ በመቶዎች የሚቆጠር ቅጂ ይወጣል። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ ያየዋል፤ አንትወርፕን ረግጦ የማያውቅ ሰው እዚያ እንደነበረ ሆኖ ለልጁ ያወራል። በ1583 ደግሞ ለታሪክ ጸሐፊው ለሚካኤል አይትሲንገር መጽሐፍ የአገሩን 17 ግዛቶች (በአብዛኛው የዛሬዎቹን ሆላንድና ቤልጂየም) በአንበሳ ቅርጽ ካርታ አድርጎ ቀረጻቸው። አገሩ ተከፋፍሎ እየተዋጋ ካርታው ላይ አንድ አንበሳ!

ይሄ ሁሉ እነሱ ሲበደሉ ነው። እነሱ ሲበድሉስ? በ1770ዎቹ ሱሪናም በምትባለው የደቡብ አሜሪካ ቅኝ ግዛታቸው ውስጥ፣ ከባርነት ያመለጡ ሰዎችን ለሆላንድ ሆኖ የወጋው ወታደር ጆን ስቴድማን ያየውን ጽፎ በ1796 አሳተመ። አንድ ጥቁር ሰው ከነሕይወቱ የጎን አጥንቱ በመንጠቆ ተይዞ ተሰቅሎ የሚታይበትን ስዕል የቀረጸው እንግሊዛዊው ገጣሚና ቀራጭ ዊልያም ብሌክ ነው። መጽሐፉ የታተመው ለንደን ነው፣ አምስተርዳም አይደለም። ይሄ ነገር በጣም ነው የከነከነኝ። የሆላንድ ንጉሥ ስለ ባርነቱ ይቅርታ የጠየቁት በ2023 ነው።

ስዕሉን የሚሠራው ማን ነው የሚለው ጥያቄ እኛንም ይመለከታል። እኔ ሐረር ነው የምኖረው። በፈረንሳዊው ገጣሚ በራምቦ ስም የሚጠራው ሙዚየም፣ የራምቦ ቤት፣ ገብታችሁ የድሮውን የከተማችንን ፎቶ ያያችሁ ታውቃላችሁ፤ በሮቹ፣ ገበያው፣ ሰዉ። ራምቦ ራሱ በ1883 እዚሁ ፎቶ አንስቷል። እነዚያን ፎቶዎች እወዳቸዋለሁ፣ ግን የቆየችዋን ሐረር በብዛት ያየናት በእንግዳ ዓይን ነው። እንግዳ ደግሞ የገረመውን ነው የሚያነሳው። ሠርጉን፣ ጎረቤቱን፣ ሱቅ ውስጥ የተቀመጡትን አባት ያነሳው ቤተሰብ ነው፤ እሱ ፎቶ አሁንም በየቤቱ ሳጥን ውስጥ አለ፣ እዚህም ድሬም።

እባካችሁ አውጡት። ፎቶው ላይ ያሉትን የሚያውቁ አያቶች በሕይወት እያሉ ማን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ ጠይቃችሁ ጻፉ። ስካነር የሌለው በስልክ ያንሳው፣ በቀን ብርሃን፣ ያለ ፍላሽ። ጀርባውንም አንሱ፤ ብዙ ጊዜ ስምና ቀን የሚጻፈው እዚያ ነው።