የሞዴል ባቡር ዕቃ ከጣና ዳር ሆኖ መፈለግ

ዘጌ ተቀምጬ ሞዴል ባቡር ስለምሠራ፣ ዕቃውን ከየት እንደማገኝ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። ባሕር ዳር ሐዲድ የተዘረጋባት ከተማ አይደለችም፤ ለዚህ ሥራ ብቻ የተከፈተ ሱቅም እስካሁን አላገኘሁባትም። መጫወቻ መሸጫ ገብቶ ባቡር ለሚጠይቅ ሰው፣ ሻጩ የልጁን ዕድሜ ጠይቆ በባትሪ ድንጋይ የሚሄድ የፕላስቲክ ባቡር ያወጣለታል። ለልጅ መልካም ስጦታ ነው፤ ነገር ግን ሐዲዱ አብዛኛውን ጊዜ ከታወቁት የሞዴል መለኪያዎች ጋር ስለማይገጥም፣ ሌላ እየጨመሩበት ማሳደግ አይቻልም።

ስለዚህ ከማናቸውም ግዢ በፊት ስኬል፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንደሚያንስ፣ መምረጥ ይገባል። በዓለም ላይ እጅግ የተስፋፋው ኤችኦ እውነተኛውን ባቡር 87 ጊዜ ያሳንሰዋል፤ ኤን የሚባለው ደግሞ 160 ጊዜ ያሳንሰዋል። የኤችኦ ሐዲድ ስፋት፣ ማለትም በሁለቱ ብረቶች መካከል ያለው ርቀት፣ 16.5 ሚሊ ሜትር፣ የኤን ደግሞ 9 ሚሊ ሜትር ነው። ኤችኦ ሐዲዱ ዞሮ እንዲገጥም 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ጠረጴዛ ሲፈልግ፣ ለኤን 50 ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል። ሐዲዱና ሎኮሞቲቩ እኛ ዘንድ የሚደርሱት በሰው ሻንጣ ስለሆነ፣ ቦታ ለጠበበበትና አምጪ ዘመዱን ማስቸገር ለማይወድ ሰው ኤንን እመክራለሁ።

እኔ ግን ኤችኦን የመረጥሁት በአገራችን ባቡር ምክንያት ነው። በ1902 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የቀድሞው የጅቡቲ መስመር ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት ነበረው። ይህ ለ87 ሲካፈል 11.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል፤ ኤችኦኤም ተብሎ የሚሸጠው ባለ 12 ሚሊ ሜትር ሐዲድም ለእርሱ ይስማማዋል። በዚያው አቆጣጠር በ2016 የተመረቀው አዲሱ የኤሌክትሪክ መስመር 1435 ሚሊ ሜትር በመሆኑ በተለመደው የኤችኦ ሐዲድ ላይ ይሠራል። የቀድሞው ባቡራችን ሞዴል ተሠርቶ ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። ለስዊዘርላንድ ባለ አንድ ሜትር መስመሮች የተሠሩ ሞዴሎች ግን ይሸጣሉ፤ የእነርሱን ሞተርና እግር (መንኮራኩር ያለበትን የታችኛውን ክፍል) ወስዶ፣ የለገሃርንና የድሬዳዋን የድሮ ፎቶግራፎች እያዩ ፉርጎውን በካርቶን መሥራት ይቻላል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ክፍልም ይኸው ነው።

ከውጭ የግድ መምጣት ያለባቸው ሐዲድ፣ መንኮራኩር፣ የፉርጎዎች ማያያዣና ሞተሩን የተሸከመው የሎኮሞቲቭ እግር ብቻ ናቸው። ለሚያመጣልን ሰው "የሞዴል ባቡር" ብሎ መላክ አይበቃም፤ የስኬሉን ስም፣ የሐዲዱን ስፋት፣ የአምራቹን ስምና የዕቃውን ቁጥር ጽፎ መስጠት ያስፈልጋል። በተለይ ዘመዱ ጀርመን አገር ያለ ሰው ይጠንቀቅ። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1859 የተመሠረተው የማርክሊን ኩባንያ ዕቃ እዚያ በብዛት ይገኛል፤ ጥራቱም የተመሰከረለት ነው። ሆኖም የማርክሊን ኤችኦ የሚሠራው በሐዲዱ መካከል ካለ መስመር ኃይል በሚቀበል በራሱ ሥርዓት ስለሆነ፣ የግራና የቀኝ መንኮራኩሮቹ በኤሌክትሪክ የተለያዩ አይደሉም። በተለመደው፣ ኃይሉ በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች በሚመጣበትና በ12 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በሚሠራ መስመር ላይ ቢቀመጡ ሾርት ያደርጋሉ። ከሁለቱ ሥርዓቶች አንዱን መርጦ እስከ መጨረሻው በእርሱ መጽናት ይሻላል።

የቀረው ሁሉ ባሕር ዳር አለ፤ በአንድ ጣሪያ ሥር ግን አይደለም። ችፑድና ኮላ እንጨት ቤት ይገኛል፤ ከመጋዙ ሥር የሚጠራቀመው ሰጋቱራም ተነፍቶ፣ አረንጓዴ ቀለም ተነክሮ ሲደርቅ ሣር ይሆናል። ተራራ የሚሠራው በተጨማደደ ጋዜጣ ላይ ጀሶ የተነከረ ፋሻ በመደረብ ነው፤ ጀሶው ከግንባታ ዕቃ መሸጫ፣ ፋሻው ከመድኃኒት ቤት ይገዛል። ከሐይቁ ዳር የሚቆረጠው ደንገል ተሰንጥቆ ሲደርቅ ለትንንሽ ጎጆዎች ክዳን ይሆናል፤ ለዚህ ከእኛ የተሻለ አገር ያለ አይመስለኝም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የምመካው ግን በሬዲዮ ጠጋኙ ነው። በሌላ አገር የሞዴል ሱቅ ባለቤት ለደንበኛው የሚሰጠውን ምክር እኔ የማገኘው ከእርሱ ነው፤ ሽቦ ይበይዳል፣ የተቃጠለ ሞተር ይመረምራል፣ ፖዘቲቭና ኔጌቲቩን አገላብጦ ባቡሩን ወደ ኋላ የሚያስኬድ ማብሪያ ይሠራል። መብራት በሚጠፋበት ጊዜ ባለ 12 ቮልት የባጃጅ ባትሪ መስመሩን ያንቀሳቅሳል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ባትሪ ሾርት ሲፈጠር ሽቦን እስከ ማቃጠል የሚደርስ ኃይል በአንዴ ስለሚለቅ፣ ፊውዝ ሳይገባበት ፈጽሞ መገናኘት የለበትም።

ጎንደር፣ ደብረ ታቦር ወይም ባሕር ዳር ሆናችሁ ይህን ሥራ የጀመራችሁ ካላችሁ፣ በተመሳሳይ ስኬል ተስማምተን የምንፈልገውን በአንድ ዝርዝር ብንጽፍ፣ ከውጭ የሚመጣ አንድ ሰው የሁላችንንም ሐዲድ በአንድ ጊዜ ሊያመጣልን ይችላል። እኔ ባለ 12 ሚሊ ሜትሩን ኤችኦኤም ነው የምፈልገው።