ስልክ ቁጥራቸውን ሳልቀበል

ሚያዝያ 3 ቀን 2004 ዓ.ም. የሰሙነ ሕማማት ረቡዕ ነበር። ከባልደረቦቼ አብዛኞቹ ለስግደት ቤተ ክርስቲያን ስለሄዱ፣ አዲስ አበባ በሚገኘው የመሬት መንቀጥቀጥ መከታተያ ክፍላችን ውስጥ የቀረነው እኔና አንድ ቴክኒሽያን ብቻ ነበርን። ከረፋዱ 5፡48 ገደማ በስክሪኑ ላይ ያለው መስመር መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመጀመሪያ ቀጭንና ፈጣን ሞገድ መጣ፤ ከሰባት ደቂቃ በላይ ቆይቶ ደግሞ ቀርፋፋውና ሰፊው ተከተለ። በሁለቱ መካከል ያለው የጊዜ ልዩነት መንቀጥቀጡ ከእኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ስለሚናገር፣ ልዩነቱን ለክቼ ከሠንጠረዡ ጋር ሳመሳክረው ስድስት ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ከውጭ ማዕከላት የመጣው መረጃ ቦታውን አረጋገጠልኝ፤ ከሱማትራ ደሴት በስተ ምዕራብ፣ ህንድ ውቅያኖስ ውስጥ ነበር። በኋላ 8.6 ሆኖ የጸደቀው መጠን በዚያ ሰዓት ከዚህም ከፍ ብሎ ይነገር ነበር።

ሱማትራ የሚለውን ስም ሲሰማ የሙያችን ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው አንድ ቀን አለ፤ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ታኅሣሥ 26 ቀን 2004። በዚያ ቀን መጠኑ 9.1 የሆነ መንቀጥቀጥ ያስነሳው ሱናሚ ከ220 ሺህ በላይ ሰው ፈጅቷል። ውሃው ውቅያኖሱን አቋርጦ ከሰባት ሰዓት ያህል ጉዞ በኋላ ጎረቤታችን ሶማሊያ ደርሶ፣ በዚያ ብቻ ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎችን ገድሏል። ሐፉን የምትባለው የዓሣ አጥማጆች መንደር ከሁሉ የከፋው ደረሰባት። ይህን ሥራ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ነበርና፣ ሰባት ሰዓት ሙሉ ውሃው እየመጣ ለእነዚያ ሰዎች የነገራቸው አለመኖሩ ከአእምሮዬ ወጥቶ አያውቅም።

ስለዚህ እርሳሴን አነሳሁ። ሱናሚ በጥልቅ ባሕር ላይ ሲጓዝ ፍጥነቱን የሚወስነው የውሃው ጥልቀት ነው፤ አራት ሺህ ሜትር ጥልቀት ባለበት ቦታ በሰዓት 700 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ርቀቱን ለፍጥነቱ አካፍዬ ሐፉን ከምሽቱ 12 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ሞምባሳ ደግሞ ከምሽቱ 2 ሰዓት ገደማ ብዬ ጻፍኩ። ሃዋይ የሚገኘው የፓስፊክ ሱናሚ ማስጠንቀቂያ ማዕከልም ለመላው ህንድ ውቅያኖስ ማሳሰቢያ አውጥቶ ነበር። ሒሳቤ ትክክል ነበር፤ ዛሬም ብሠራው ያንኑ ይሰጠኛል።

ከቀኑ 7 ሰዓት አካባቢ ስልክ ጮኸ። የደወሉት ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ወሬውን በሬዲዮ የሰሙ አንዲት እናት ነበሩ። ልጃቸው ሞምባሳ ውስጥ ባሕሩ ዳር ባለ ሆቴል ወጥ ቤት ይሠራል። «ልጄ፣ ይህ ውሃ ልጄን ያገኘዋል?» አሉኝ። እኔም ወረቀቴን አይቼ «እናቴ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሞምባሳ ይደርሳል፤ ቶሎ ብሎ ይውጣ» አልኳቸው። አመስግነውኝ፣ መርቀውኝ ስልኩን ዘጉ።

እኝህ እናት የጠየቁኝ ይመጣል ወይ ብለው ነበር። እኔ የመለስኩላቸው መቼ እንደሚመጣ ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች እጅግ የተራራቁ መሆናቸውን በትምህርት ቤት የተማርኩት ቢሆንም፣ በዚያች ሰዓት ግን አንዱን በሌላው ቦታ ተክቼ ተናገርኩ። ሱናሚ ከተነሳ የሚደርስበትን ሰዓት ማስላት የጥልቀት ካርታና እርሳስ የያዘ ሰው ሁሉ የሚችለው ነገር ነው። መነሳት አለመነሳቱን ለማወቅ ግን የመንቀጥቀጡ መጠን ብቻውን አይበቃም፤ የባሕሩ ወለል በየት አቅጣጫ እንደተንቀሳቀሰ ማወቅ ያስፈልጋል። የሚያሳዝነው ደግሞ ያ መረጃ በዚያ ሰዓት ወጥቶ ከፊቴ ባለው ኮምፒውተር ውስጥ መቀመጡ ነው። ገጹን አልከፈትኩትም።

ማሳሰቢያው ከወጣ ከአራት ሰዓት ገደማ በኋላ ተነሣ። ሱማትራ ላይ ሜላቦህ በተባለው ወደብ የተለካው ከፍተኛ ሞገድ አንድ ሜትር ያህል ነበር፤ በውቅያኖሱ ወለል ላይ የውሃውን ክብደት የሚለኩት መሣሪያዎች ያሳዩት ለውጥ ደግሞ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነበር። ደስ አለኝ፤ እፎይ አልኩ። ከዚያ እኝያ እናት ትዝ ሲሉኝ ስልክ ቁጥራቸውን እንዳልተቀበልኩ ገባኝ። የቢሮው ስልክ ደግሞ የደዋዩን ቁጥር የማያሳይ አሮጌ ስልክ ነበር።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ባለው ሰኞ ነጠላቸውን አጣፍተው ቢሮ ድረስ መጡ። ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ከቁጣ ይልቅ ይህ ነበር የከበደኝ። ሌሎቹ ሠራተኞች ማሳሰቢያው ሲነሣ ወደ ሥራቸው ሲመለሱ፣ ልጃቸው ግን «እናቴ ከባለሙያው አፍ ሰምታ ነግራኛለች» ብሎ ሁለት የአገሩን ልጆች አስከትሎ ከከተማው ርቆ አድሯል። የሌሊት ተረኛ ስለነበረ በማግስቱ ከሥራ ተሰናበተ። «የመጣሁት ልከስህ አይደለም ልጄ፤ የነገርከኝ ውሃ የት ሄዶ እንደቀረ እንድትነግረኝ ነው» አሉኝ።

መልሱን ያስረዱልኝ አለቃዬ ናቸው። ሁለት ወፍራም መዝገቦች ከመደርደሪያ አወረዱና ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀምጠው የእናትየውን ነጠላ ጫፍ ፈቃድ ጠይቀው በላያቸው ዘረጉት። መጀመሪያ አንዱን መዝገብ ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ገፉ፤ ነጠላው ትንሽ ከመሸብሸብ በቀር ባለበት ቆየ። ቀጥለው አንዱን መዝገብ ከሌላው ሥር ሰክተው ላይኛውን ቀና ሲያደርጉት ነጠላው ብድግ አለ። «ነጠላው ውሃው ነው። በዚያን ጊዜ፣ በፈረንጆቹ 2004፣ የሆነው ይህ ሁለተኛው ነበር፤ ወለሉ ተነሥቶ በላዩ ያለውን ባሕር ሁሉ አነሣው። ያሁኑ ግን የመጀመሪያው ነው፤ ወለሉ ወደ ጎን ተንሸራተተ እንጂ ውሃውን አላነሣውም» አሏቸው። እናትየው መዝገቦቹን ረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ ወደ እኔ ዞረው «ይህን ያን ዕለት ታውቀው ነበር?» አሉኝ። ማወቅ እንደነበረብኝና እንዳላየሁት ነገርኳቸው። በዚያው ሰዓት ከቢሮው ስልክ ልጃቸው ዘንድ ደውዬ ይቅርታ ጠየቅሁት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በተረኛ መዝገባችን ላይ አንድ ዓምድ ተጨመረ፤ የደዋይ ስልክ ቁጥርና የተነገረው ነገር ከነሰዓቱ። እኔም የወለሉን አቅጣጫ ሳላይ ስለ ሱናሚ ቃል የማልተነፍስ ሰው ሆንኩ። ለአዳዲስ ሠልጣኞችም የመዝገቦቹን ነገር በየዓመቱ አሳያለሁ። እንዲህ ሳስተምር ግን ሌላ ስሕተት በውስጤ እያደገ መሆኑን አላስተዋልኩም።

መስከረም 18 ቀን 2011 ዓ.ም. የመስቀል ማግስት፣ ኢንዶኔዥያ ውስጥ ሱላዌሲ ደሴት ላይ መጠኑ 7.5 የሆነ መንቀጥቀጥ ደረሰ። አንዲት ሠልጣኝ የእንቅስቃሴውን ሥዕል ከፍታ «ወደ ጎን ነው፤ እንግዲህ ሱናሚ የለውም ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እኔም «አዎ፣ አያሰጋም» አልኩ። ማታ ቤቴ ገብቼ ቴሌቪዥን ስከፍት ውሃው የፓሉ ከተማን ዳርቻ ሲጠራርግ አየሁ። ፓሉ ጠባብና ረጅም ባሕረ ሰላጤ ጫፍ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ስብራቱ፣ ማለትም መሬቱ ተሰንጥቆ የተንሸራተተበት መስመር፣ ያለፈው በባሕረ ሰላጤው ውስጥ ሲሆን፣ ንዝረቱ በውሃው ሥርና በዳርቻው ያለውን አፈር ናደው፤ የተናደው አፈርም ውሃውን ገፋው። ሞገዱ የደረሰው በደቂቃዎች ውስጥ ነበር። በመንቀጥቀጡ፣ በሱናሚውና መሬቱ በንዝረቱ እንደ ፈሳሽ በመሆኑ ከአራት ሺህ በላይ ሰው አለቀ። በዚያ ርቀት ያሉ ሰዎች የእኔን ቃል አልሰሙም፤ ግን የተናገርኩት ቃል ያው ነው። ወደ ጎን የሚሄድ ስብራት በጥልቅ ውቅያኖስ መካከል ሲሆንና በጠባብ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ሲሆን አንድ እንዳልሆነ፣ የመሬት ናዳም በሒሳቡ መግባት እንዳለበት ለዚያች ልጅ መንገር ይገባኝ ነበር። ሰኞ ጠዋት ጠርቻት የዓርቡን መልሴን ከመዝገቡ ላይ አብረን ሰረዝነው፤ ከጎኑም የተሳሳትኩበትን ምክንያት ጻፍኩ።

ባለፈው ጊዜ ሞቃዲሾ ሥራ ላይ ያለ ወንድሙ ያሳሰበው አንድ ሰው ደወለ። መጠኑን፣ ቦታውንና የወለሉን አቅጣጫ ነግሬው፣ በባሕሩ ወለል ካሉት መሣሪያዎች ገና ያልመጣልን ንባብ እንዳለ፣ የአካባቢው ባለሥልጣናት ውጡ ካሉ ወንድሙ እኔን ሳይጠብቅ ወደ ከፍታ እንዲሄድ፣ እኔ ግን ይመጣል ወይም አይመጣም ልለው እንደማልችል ነገርኩት። ከዚያ ስልክ ቁጥሩን ጠየቅሁት፤ አንድ በአንድ መልሼ አነበብኩለት፤ ከአርባ ደቂቃ በኋላም ደወልኩለት።