ቫኗና ምጣዱ በአንድ ቆጣሪ

እንጀራ ለሆቴሎች ማከፋፈል ከጀመርኩ ወዲህ እንዲህ ያስጨነቀኝ ነገር የለም። ሁለተኛ መኪና ያስፈልገኛል። ናፍጣ ይሁን ወይስ ኤሌክትሪክ? የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የራሱን መኪና ነው የሚያወድስልኝ።

ያለኝ አሮጌ ዶልፊን፣ የናፍጣው ቶዮታ ሚኒባስ ነው። ክፉ አልናገርበትም፣ ስራዬን በእግሩ ያቆመልኝ እሱ ነው። መለዋወጫው ሶማሌ ተራ ሞልቷል፣ የትኛውም መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ያንገሸገሸኝ የናፍጣ ሰልፍ ነው። አንድ ማክሰኞ ሾፌሬ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ጀምሮ ማደያ ተሰልፎ፣ ረፋድ ላይ ደውሎ «እትዬ፣ አልቋል ብለው ገመድ ወጠሩ» አለኝ። እንጀራው በላስቲክ ተጠቅልሎ በር ላይ ተደርድሯል፣ ሆቴሎቹ ደግሞ ለምሳ ነው የሚፈልጉት። ታክሲ ኮንትራት ይዘን አደረስን። የቀኑ ትርፍ እዚያው ቀረ።

ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ሰራሁት። ዶልፊኑ ከተማ ውስጥ ለ100 ኪሎ ሜትር 11 ሊትር አካባቢ ይጠጣል። አነስተኛ የኤሌክትሪክ ቫን ለዚያው መንገድ 20 ኪሎ ዋት ሰዓት (የመብራት ቆጣሪ የሚቆጥርበት መለኪያ) ገደማ ይበቃታል። አንድ ሊትር ናፍጣ ደግሞ 10 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ጉልበት አለው። 110 ለ20፣ ከ5 እጥፍ በላይ ልዩነት ማለት ነው፣ አብዛኛው የናፍጣው ጉልበት ሙቀት ሆኖ በጭስ ማውጫና በራዲያተር ነው የሚወጣው። ሻጩ ቫኗን ለአንድ ቀን ሙከራ ሰጥቶን ነበርና ሾፌሬ ከሽሮ ሜዳ ወደ ፒያሳ ሲወርድ የባትሪው ቁጥር ንቅንቅ እንዳላለ ፎቶ አንስቶ ላከልኝ፤ ቁልቁለት ላይ ራሷን ትሞላለች።

ማንም ያልነገረኝ የቆጣሪውን ጉዳይ ነው። ምጣዶቼ እያንዳንዳቸው ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ይስባሉ። በሙከራው ቀን እነሱ ተጥደው እያለ ቫኗን ስንሰካት ብሬከሩ ወደቀ። ቤቱ ጨለመ፣ ምጣድ ላይ የነበረው እንጀራ ዓይን ሳያወጣ ቀረ። ኤሌክትሪሻኑ መጥቶ አየና፣ ወይ ቆጣሪውን አሳድጉ ወይ ሰዓት ተከፋፈሉ አለን። ቫኗ ስትገዛ ሰዓት ልንከፋፈል ወሰንን። ማታ 1 ሰዓት ቫኗ ትሰካለች፣ ሌሊት 8 ሰዓት ትነቀላለች፣ 9 ሰዓት ምጣዱ ይጣዳል። በ7 ሰዓት ውስጥ በ3 ኪሎ ዋት ብትሞላ 21 ኪሎ ዋት ሰዓት ታገኛለች። የኛ የቀን መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ነው፣ 16 ይበቃል። አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋ እንኳ ባትሪዋ 40 ኪሎ ዋት ሰዓት ስለሚይዝ በማግስቱ ስራ አይቆምም።

ዶልፊኑን ግን አልሸጠውም። ጤፍ የምናመጣው ከምንጃር ነው፣ ደርሶ መልስ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ፣ ያውም ተጭኖ። መንገድ ላይ ቻርጅ አገኛለሁ ብዬ ሾፌሬን አልልክም። ክፍለ ሀገር የሚመላለስ ሰው ቢጠይቀኝ ለጊዜው በናፍጣህ ቆይ ነው የምለው። ከጥር 2016 ጀምሮ በነዳጅ የሚሰሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሉን ሳይ፣ ነገሩ ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይገባኛል። ቢሆንም የኔ ጤፍ የሚመጣው ዛሬ ባለው መንገድ ነው።

ልትገዙ ካሰባችሁ የባትሪው ዋስትና ስንት ዓመትና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በጽሑፍ ተቀበሉ። በቃል የተነገረ ዋስትና ጋራዥ በር ላይ አይሰራም። አንድ ሻጭ ያሳየኝ መኪና እስክሪኑ ሙሉ በሙሉ ቻይንኛ ነበር። ስህተት ቢጽፍ ማን ያነበዋል ብዬ ስጠይቀው መልስ አልነበረውም፣ ትቼው ወጣሁ።

ለኤሌክትሪኳ ቀብድ ከፍያለሁ። ቅዳሜ ኤሌክትሪሻኑ ለብቻዋ መስመር ሊዘረጋልኝ ይመጣል።