ጫማዬን ያስቀረው ሬንጅ

ሎስ አንጀለስ ውስጥ ለአንድ አስጎብኚ ድርጅት ሚኒቫን እነዳለሁ። እንግዶች ሁሌ ከሚወዷቸው ቦታዎች አንዱ ላ ብሪያ ነው። ፌርፋክስ ላይ ካለችው የኛዋ ሊትል ኢትዮጵያ ብዙም አይርቅም። ከተማ መሃል ላይ ሬንጅ ከመሬት ይመነጫል፤ ከውስጡም የበረዶ ዘመን አውሬዎች አጥንት ይወጣል።

መናፈሻው ውስጥ አንድ ጥቁር ኩሬ አለ። የማሞዞች፣ ማለትም ዝሆን የሚመስሉ የጥንት ግዙፍ እንስሳት፣ ሐውልት ቆሞበታል፤ አንዷ ተይዛ ስትታገል ያሳያል። እኔም «ይሄ ጥልቅ ሐይቅ ስንቱን ዋጠ መሰላችሁ!» እያልኩ እተርካለሁ። ቲፕ ያስገኛላ።

ባለፈው ሐምሌ አንድ ዘጠኝ ዓመት የሚሆነው ልጅ «ኩሬው እኮ ድሮ ሰዎች ሬንጅ ሲያወጡ የቆፈሩት ነው» አለኝ። ሳቅሁበት። ፎቶ የሚያምርበትን ቦታ ላሳያቸው ብዬ በሳሩ አቋረጥኩ። ብርቱካናማ ኮን ተቀምጧል፤ አይቼ አለፍኩት።

ቀኝ እግሬ እዚያው ቀረ። ላዩን ቅጠልና አቧራ ሸፍኖት መሬት ነው የሚመስለው። ጥልቀቱ ከጣቴ አይበልጥም፤ ግን ፀሐዩ አሙቆት እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ስታገል እግሬ በካልሲ ወጣ፣ ጫማዬ ቀረ።

ልጁ ደስታውን አልቻለውም። «ግመሎቹም እንዲህ ነው የተያዙት!» አዎ፣ ያኔ እዚህ አገር ግመል ነበር። አንዱ ተይዞ ሲጮህ ሥጋ በሎቹ ለድግስ ይመጣሉ፤ እነሱም ይቀራሉ። ለካ ለዚህ ነው! ከዚህ ቦታ ከ4,000 በላይ ዳየር ዎልፍ የሚባሉ ግዙፍ ተኩላዎች፣ ከ2,000 በላይ ደግሞ ጎራዴ ጥርስ ድመቶች ወጥተዋል። ዱር ውስጥ ከአዳኝ ታዳኝ ይበዛል፤ እዚህ ተገላቢጦሽ ነው። ሙዚየሙ ግድግዳ ላይ የተደረደሩትን የተኩላ ራስ ቅሎች ስንቴ አልፌያቸዋለሁ፤ ለምን ብዬ ጠይቄ አላውቅም።

«ታዲያ የጨረሳቸው ሬንጁ ነው?» አለች እናቱ። መልስ አልነበረኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣ ጥናት እንደሚለው፣ እነዚህ አውሬዎች ከአካባቢው የጠፉት የዛሬ 12,900 ዓመት ገደማ ነው። ሙቀቱ ጨመረ፣ ድርቅ ገባ፣ ሰው ደግሞ እሳት ይዞ መጣ። ቀበሮ የሚመስለው ኮዮቴ ግን ተርፏል። ንጋት ላይ ወደ ኤርፖርት ስሄድ መንገድ ሲያቋርጥ አየዋለሁ።

አለቃዬ የመኪናውን ምንጣፍ ማስጸጃ ከደሞዜ ቆረጠ። ጫማውን ያዳኑልኝ ፌርፋክስ ላይ ምግብ ቤት ያላቸው እትዬ ናቸው፤ «በሳሙና አይለቅም ልጄ» ብለው የወጥ ዘይት አፈሰሱበት።

አሁን ኩሬውን በፍጥነት አልፌ እንግዶቼን ወደ ኮኑ ነው የምወስዳቸው። ቲፑ ትንሽ ቀንሷል።