የዲጂታል ጌጅ መርፌ ለምን ይዘላል?

ዲጂታል ጌጅ፣ ማለትም የመኪናን ፍጥነት፣ የሞተር ዙር ወይም ነዳጅ በስክሪን ላይ በተሣለ መርፌ የሚያሳይ መለኪያ፣ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ጉድለት የመርፌው መዝለል ነው። ሞተሩ ያለ ማቋረጥ ዙር እየጨመረ ሳለ፣ በስክሪኑ ላይ ያለው መርፌ ከአንዱ ቁጥር ወደ ሌላው እየተወረወረ ይሄዳል። ብዙዎች ይህን ሲያዩ ማይክሮኮንትሮለሩን (ጌጁን የሚያዘውን ትንሽ የኮምፒውተር ቺፕ) ይወቅሳሉ፤ የተሻለ ቺፕ ከአዲስ አበባ አስመጥተው ሲገጥሙም መርፌው እንደ ቀድሞው ይዘላል፤ ምክንያቱም ችግሩ ብዙውን ጊዜ ያለው በቺፑ አቅም ላይ ሳይሆን፣ መረጃው የሚደርስበትና ሥዕሉ የሚሣልበት ጊዜ እንደ አንድ ነገር በመቆጠራቸው ላይ ነው።

እዚህ ጎንደር ሥራዬን የምሞክረው ከአዘዞ ወደ ፒያሳ በሚወጣው መንገድ ላይ ነው፤ ዳገቱ ማርሽ ደጋግሞ ስለሚያስቀይር ለሞተር ዙር መለኪያ ጥሩ ፈተና ነው። እስከ 8000 ዙር የሚያሳይ ጌጅ በ240 ዲግሪ ቅስት ላይ ቢሣል፣ ማርሽ ሲቀየር ዙሩ ከ3500 ወደ 2000 ሲወርድ መርፌው 45 ዲግሪ መጓዝ አለበት። ይህ በግማሽ ሰከንድ ቢፈጸምና ከመኪናው ኮምፒውተር በሰከንድ 10 ንባብ ቢደርሰን፣ መርፌው በእያንዳንዱ ንባብ 9 ዲግሪ ያህል ይዘላል ማለት ነው። ስክሪኑ በሰከንድ 60 ጊዜ ቢታደስም እንኳ ያንኑ ሥዕል ስድስት ጊዜ ከማሳየት በስተቀር የሚጨምረው ነገር የለም። የፍጥነት መለኪያውም የራሱ ችግር አለው፤ በኦቢዲ-2 ሥርዓት (የመኪናው ኮምፒውተር መረጃ በሚነበብበት መደበኛ መገናኛ) ፍጥነት የሚላከው በአንድ ባይት፣ ከ0 እስከ 255 ባለ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ፣ በሁለት ንባቦች መካከል ያለውን መሙላት የእኛ ሥራ ይሆናል።

ስለዚህ በኮዱ ውስጥ ሁለት ዋጋዎች ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ አንዱ ከሴንሰሩ የመጣው መድረሻ፣ ሌላው በስክሪኑ ላይ የሚሣለው ነው። በእያንዳንዱ ፍሬም (ስክሪኑ ሥዕሉን ባደሰ ቁጥር) የሚሣለው ዋጋ ወደ መድረሻው የቀረውን ርቀት በከፊል ይሄዳል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ ያሻል፦ «በየፍሬሙ የቀረውን 10 በመቶ ሂድ» ብሎ መጻፍ ቀላል ቢሆንም፣ በሰከንድ 60 ፍሬም ሲሣል የጊዜ ቋሚው (መርፌው ከቀረው ርቀት 63 በመቶ ያህሉን ለመሄድ የሚፈጅበት ጊዜ) ወደ 158 ሚሊሰከንድ፣ በ30 ፍሬም ደግሞ ወደ 316 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ ስክሪኑ ሥራ በበዛበት ቁጥር መርፌው ይሰንፋል ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ካለፈው ፍሬም ወዲህ የሄደውን ጊዜ ለክቶ ለጊዜ ቋሚው ማካፈልና ድርሻውን በኤክስፖነንሻል ቀመር ማስላት ነው። እንዲያም ሆኖ አዲስ ንባብ በመጣ ቁጥር የመርፌው ፍጥነት በድንገት ስለሚለወጥ፣ የሰለጠነ ዓይን ያንን ያያል። ለሞተር ዙር እኔ የምመርጠው መርፌው የራሱን ፍጥነት የሚያስታውስበትን፣ ከመድረሻው ሳያልፍ የሚያርፍ የስፕሪንግ ስሌት ነው።

ለሁሉም ጌጅ አንድ ዓይነት ማለስለሻ መስጠት ግን ተገቢ አይደለም። የነዳጅ መለኪያ ብዙ ሰከንድ ቢዘገይ ጉዳት የለውም፤ እንዲያውም በዳገትና በኩርባ ነዳጁ በታንከሩ ውስጥ ስለሚናወጥ መዘግየት አለበት፣ የድሮዎቹ ባይሜታል ጌጆችም (በሙቀት በሚታጠፍ ባለ ሁለት ብረት ቅጠል የሚሠሩት) በተፈጥሯቸው ዝግተኞች ነበሩ። የዘይት ግፊት ማስጠንቀቂያ መብራት ግን ፈጽሞ ሊለሰልስ አይገባም።

የመሣሪያው አቅም ተራው የሚደርሰው ከዚህ በኋላ ነው። 320 በ240 ነጥብ ያለው፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ 16 ቢት የሚወስድ ስክሪን አንድ ሙሉ ሥዕል 153,600 ባይት ይሆናል፤ ቺፑን ከስክሪኑ ጋር በሚያገናኘው የ40 ሜጋኸርዝ ኤስፒአይ መስመር ሲላክ 31 ሚሊሰከንድ ያህል ይፈጃል። ለ60 ፍሬም ያለን ጊዜ ግን 16.7 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። ስለዚህ የጌጁ ፊት አንድ ጊዜ ተሥሎ ይቀመጥና፣ መርፌው የነበረበትና አሁን ያለበት ቦታ ብቻ እንደገና ይላካል። ማዕዘኑንም ወደ ሙሉ ዲግሪ አለማጠጋጋት፣ የመርፌውንም ጠርዝ በከፊል ቀለም ማደብዘዝ ያስፈልጋል፤ ይህ ከተዘለለ ሌላው ሁሉ ተሟልቶም ዝግ ያለ እንቅስቃሴ የደረጃ መልክ ይይዛል።

መዘግየቱን በዓይን መገመት አስቸጋሪ ስለሆነ፣ ንባብ ሲደርስ የምትበራ አንዲት ኤልኢዲ ከስክሪኑ አጠገብ አድርጌ በሰከንድ 240 ፍሬም በሚቀርጽ ስልክ እቀርጻታለሁ። ከኤልኢዲዋ መብራት ጀምሮ መርፌው አብዛኛውን መንገዱን እስኪሄድ ድረስ ያሉትን ፍሬሞች ስቆጥር፣ እያንዳንዱ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በእኔ ሚዛን ለሞተር ዙር ከ150 ሚሊሰከንድ ያለፈ መዘግየት ብዙ ነው፤ ሞተሩን በጆሮው እየሰማ ማርሽ የሚቀይር ሹፌር የመርፌውን ወደ ኋላ መቅረት ወዲያው ያውቀዋል። እንዲህ ሲሆን መርፌው ትንሽ ቢንቀጠቀጥም የጊዜ ቋሚውን እቀንሳለሁ።