ወደ እስር ቤት በር የሚያመራ ሩጫ

የበጎ አድራጎት ሩጫ ለካንሰር ሕሙማን፣ ለንጹሕ ውሃ ወይም ለሕፃናት ትምህርት ሲዘጋጅ የሚቃወም አይገኝም። ታስሮ ለተፈታ ሰው ሮጣችሁ ገንዘብ አዋጡ ሲባል ግን ፊታቸውን የሚያኮሳትሩት ይበዛሉ፤ ለበደለኛው ይህን ያህል ከተደረገ ለተበዳዩስ ምን ተደረገለት ብሎ የሚጠይቅ ሰውም ያለ ምክንያት አይጠይቅም።

ሲንጋፖሮች ይህን ቅሬታ እያወቁ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የቢጫ ሪባን ሩጫን ሲያካሂዱ ቆይተዋል። ሩጫው በ2004 የተጀመረው የቢጫ ሪባን ፕሮጀክት አካል ሲሆን፣ የፕሮጀክቱ መነሻ ሐሳብ የተፈታ ሰው ከግቢው ሲወጣ ሁለተኛ እስር ቤት ይጠብቀዋል የሚል ነው፤ ይኸውም የጎረቤት ጥርጣሬ፣ የአሠሪ እምቢታ፣ አንዳንዴም የገዛ ቤተሰብ ፊት መንሳት ነው። ገቢው የቀድሞ ታራሚዎችንና ቤተሰቦቻቸውን ለሚደግፍ ፈንድ ይውላል። እኔን የሚገርመኝ ግን ከገንዘቡ ይልቅ አቅጣጫው ነው። በደሴቲቱ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ብዙም በማይርቀው አካባቢ፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች 10 ኪሎ ሜትር ሮጠው የሚደርሱት ሌላ ጊዜ ዓይናቸውን አሽሽተው የሚያልፉት የቻንጊ እስር ቤት ግቢ ነው። እንግሊዞች በ1936 የሠሩት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጃፓኖች ምርኮኞችን ያጎሩበት የአሮጌው እስር ቤት በርና የግንቡ ክፍል እስከ ዛሬ እዚያው ቆሟል።

ሲንጋፖር በአርጩሜ የምትገርፍ፣ በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ሞት የምትፈርድ አገር ናት፤ ስለዚህ ሩጫውን የመንግሥት ገጽታ ግንባታ ነው የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ነገር ግን በ1998 ከተፈቱት ከመቶ 44 ያህሉ በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሰው ሲገቡ፣ በቅርብ ዓመታት የሚመለሱት ከአምስት አንድ ገደማ ሆነዋል። ይህን ያመጣው ሩጫው ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ታራሚው ሳይፈታ ሙያ ይማራል፣ ሥራ ይፈለግለታል፤ ከ2005 ወዲህ ደግሞ ቀላል ጥፋት የነበረበት ሰው አምስት ዓመት ያለ ወንጀል ከቆየ መዝገቡ እንደተሰረዘ ይቆጠርለታል።

ሩጫ የአንድ ማለዳ ነገር ነው፤ የሥራ ማመልከቻ ግን የየዕለት ፈተና ነው። በእኛ አገር የቅጥር ማስታወቂያ ግርጌ «በቂ ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የሚለውን መስመር፣ ከዚያም ከወንጀል ነፃ የመሆን ማስረጃ ጥያቄውን ከእስር በወጣ ሰው ዓይን ማንበብ ይበቃል፤ ዘመዱ እንኳ ሊዋሰው የሚያመነታ ሰው ተያዥ ከየት ያመጣል? አዲስ አበባ ላይ ተመሳሳይ ሩጫ ለማዘጋጀት የሚያስብ ካለ፣ ካናቴራው ከመታተሙ በፊት ስፖንሰር የሚሆኑትን ድርጅቶች ስንት የተፈታ ሰው ያለ ተያዥ እንደሚቀጥሩ ቢጠይቅልኝ ደስ ይለኛል።